«ጉድጓዱ ደረቀ» ከመባሉ በፊት

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ውሃ የምታወጡትን ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። ሥራዬ ስለሆነ ነው። የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ስተክል፣ ሳወጣና ስጠግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ደረቀ» ስለምትለዋ።

አንድ ጉድጓድ ውሃ መስጠት ሲያቆም ወሬው የሚመጣው በዚች ቃል ነው። ተጠቃሚው «ደረቀ» ይላል፣ ኃላፊው «ደረቀ» ይላል፣ እናንተም እንደሰማችሁት ትጽፋላችሁ። ቀጥሎ የሚነሳው ሐሳብ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው። እኔ ግን «ደርቋልና ና» ተብዬ ከሄድኩባቸው ጉድጓዶች መካከል እውነትም ደርቀው ያገኘኋቸው ጥቂት ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ውሃው ቦታው ላይ ተኝቷል። የታመመው ሌላ ነገር ነው። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ አንባቢ ቢያውቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ የውሃ ጥም ይተርፍ ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። ፓምፑ ይነሳል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ከላይ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ደረቀ ተባለ፣ ከአጠገቡም ለአዲስ ቁፋሮ ቦታ ተመረጠ። እኔ የተጠራሁት ፓምፑን አውጥቼ ለአዲሱ ጉድጓድ እንዳዘጋጅ ብቻ ነበር። ከማውጣታችን በፊት «እስቲ አንዴ አስነሱልኝ» አልኩና ጆሮዬን ወደ ጉድጓዱ አፍ ጠጋ አደረግሁ። ከውስጥ ውሃ ሲንፏፏ ይሰማል። ቧንቧውን ስንስብ አራተኛው መገጣጠሚያ ላይ ጥርሱ በዝገት ተበልቶ ተሸንቁሯል። ፓምፑ ውሃውን እየገፋ ያመጣዋል፣ ውሃው 20 ሜትር ያህል ሲቀረው በሽንቁሩ ወጥቶ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። የቆመውን ውሃ ስንለካው ከመሬት 38 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ የተለካውም 38 ሜትር ነው። አንድ ቧንቧ ተቀየረ፣ ውሃው መጣ። አዲሱ ጉድጓድ ሳይቆፈር ቀረ።

ጉድጓድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀዳዳ ነው። መሬት ተበስቶ፣ ታች ውሃ ተጠራቅሞ፣ ፓምፕ ገብቶበት። የዘመኑ ጥልቅ ጉድጓድ ግን ወደታች የተሠራ ሕንፃ ነው ብትሉት ይቀላል። ግድግዳ አለው፣ መስኮት አለው፣ ከውጭ የሚደግፈው ሙሌት አለው፣ ከላይ የሚከድነው አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ምልክቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ውሃ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ለዚህ ነው ሁሉም «ደረቀ» የሚባለው።

መጀመሪያ ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል። ከዚያ ውስጡ ከእሱ ጠበብ ያለ ቧንቧ ይገባል፤ ኬዚንግ የምንለው ነው። ብረት ሊሆን ይችላል፣ ወፍራም ፕላስቲክም ሊሆን ይችላል። ሥራው ግድግዳ መሆን ነው። አፈሩ እንዳይናድ ይይዛል፣ የማይፈለገውን የላይኛውን ውሃም ያግዳል። አፉ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መቅረት አለበት፣ ጎርፍ እንዳይገባበት። በቀዳዳው ግድግዳና በኬዚንጉ መካከል ዙሪያውን የሚቀር ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። የጉድጓድ ጤና ግማሹ ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ኬዚንጉ እስከ ታች ድረስ ድፍን ቢሆን ውሃ ከየት ይገባል? ውሃ አዘል በሆነው ንብርብር ትክክል ላይ ድፍኑ ቧንቧ ቀርቶ ስክሪን ይገባል። ወንፊት ማለት ነው። ውሃ ያስገባል፣ አሸዋ ይከለክላል። ጥሩ ስክሪን ስታዩ የእጅ ሥራ ያህል ያምራል። ሽቦ በቋሚ ዘንጎች ላይ ዙሪያውን እንደ ጥምጥም ይጠመጠማል፣ በእያንዳንዱ ዙር መካከል ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ብልሃቱ ሽቦው ላይ ነው። ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ሰፊው ጎኑ ወደ ውጭ ይዞራል። ስለዚህ ክፍተቱ ከውጭ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ይሆናል። የውጩን ያለፈች የአሸዋ ቅንጣት መሀል ላይ አትቀረቀርም፣ ሾልካ ትገባለች። ያላለፈችውም ውጭ ትቀራለች።

አንዳንድ ቦታ ግን ድፍኑን ኬዚንግ በጋዝ እሳት ሸንቁረው ስክሪን ነው ብለው ያስገቡታል። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ሽንቁሩ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ነው፣ ጠርዙ ቶሎ ይዝጋል፣ ውሃ የሚገባበት ጠቅላላ ስፋትም ትንሽ ነው። ስፋቱ ሲያንስ ያው ውሃ በፍጥነት መግባት ግድ ይሆንበታል። በሙያው የሚመከረው ውሃው ስክሪኑን ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ነው። ቀስ ብሎ ይግባ ነው ነገሩ። ሲፈጥን አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ስክሪኑም ቶሎ ይደፈናል።

መደፈኑን በደንብ ላስረዳ፤ «ደረቀ» ከተባሉት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ሕመማቸው ይሄ ነው። መሬት ውስጥ ያለ ውሃ ማዕድን አሟሙቶ ይዟል። ወደ ጉድጓዱ ሲቀርብ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የያዘው ጋዝም ያመልጣል። ያኔ የተሟሟው ካልስየም ጠጥሮ ስክሪኑ ላይ ይጋገራል፤ የውሃ ማፍያ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት። ብረት የበዛበት ውሃ ደግሞ የብረት ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ቀይ ቡኒ ልጋግ ይሠራል። ፓምፕ ስታወጡ ቧንቧው እንዲህ ያለ ዝልግልግ ለብሶ ካገኛችሁት ስክሪኑም እንደዚያው ነው። ውሃው ከስክሪኑ ውጭ ሞልቷል፣ በሩ ግን ተዘግቷል። ፓምፑ ውስጥ ያለችውን ስቦ ይጨርሳል፣ አየር መሳብ ይጀምራል፣ «ደረቀ»። መድኃኒቱ ብሩሽ፣ አየርና ውሃ በግፊት መልቀቅ፣ ሲያስፈልግም አሲድ ነው። አሲዱን ግን የማያውቅ ሰው እንዳይነካው። ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደዚያ ክፍተት ልመለስ። ከስክሪኑ ውጭ ያለው ክፍል በጠጠር ይሞላል። ጠጠሩ ዝም ብሎ ጠጠር አይደለም። የታጠበ፣ ክብ ክብ ያለ፣ መጠኑ ተቀራራቢ፣ የማይሟሟ መሆን አለበት። ከካባ የተፈጨ ሹል ድንጋይ እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍ አይመከርም፣ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ውሎ አድሮ ይሟሟል። መጠኑ የሚመረጠው ከቁፋሮው የወጣው አሸዋ ተነፍቶ ከታየ በኋላ ነው፤ የስክሪኑ ክፍተትም በጠጠሩ መጠን ይወሰናል። አሸዋው ጠጠሩን፣ ጠጠሩ ስክሪኑን፣ እንዲህ ተያይዘው ነው የሚለኩት። አንዱን ሳያዩ ሌላውን ከመጋዘን ያገኙትን ያስገቡ እንደሆነ ጉድጓዱ ዕድሜውን ሙሉ አሸዋ ይተፋል። አሸዋ ደግሞ ለፓምፕ ሞረድ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ፓምፕ የተቀየረለት ጉድጓድ አይቻለሁ። ሁሉም ሰው የፓምፑን ፋብሪካ ይረግም ነበር፣ ጥፋቱ ግን ጠጠሩ ላይ ነበር።

ጠጠሩ ከገባ በኋላ ጉድጓዱ ይታጠባል። ይህን ደረጃ ሰው ብዙም አያውቀውም። በኮምፕረሰር አየር እየተነፋበት፣ ውሃው ወደ ውጭ ወደ ውስጥ እየተናጠ፣ ቁፋሮው የተወው ጭቃና ደቃቅ አፈር ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ይሠራል። ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ቀናት። ውሃው ጥርት እስኪል ነው። ማሽኑ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ብቻ ይህ ሥራ በሁለት ሰዓት የተቋጨባቸው ጉድጓዶች አሉ። እነሱ ከልደታቸው ጀምሮ ግማሽ ውሃቸውን ተነፍገው ነው የሚኖሩት፣ ማንም ሳያውቅላቸው።

ከጠጠሩ በላይስ? እዚህ ላይ የምጽፈው ስለ ውሃ ማነስ አይደለም፤ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ያ ክፍተት ከላይ ክፍት ከቀረ ከመሬት ወለል እስከ ውሃው ድረስ ቀጥ ብሎ የወረደ ጭስ ማውጫ ማለት ነው። ኬዚንጉን ተከትሎ የዝናብ ጎርፍ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የከብት እበት እጣቢ ቀጥታ ይወርዳል። መሬቱ አጣርቶ ለስንት ዓመት ያጸዳውን ውሃ በአንድ ቀን ያበላሸዋል። ስለዚህ ከጠጠሩ በላይ ቤንቶናይት የሚባል፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ይደረጋል፣ ከዚያ በላይ በሲሚንቶ ይታሸጋል። ሲሚንቶው ቀጠን ያለ ነው፣ ለ50 ኪሎ 25 ሊትር ገደማ ውሃ። የሚሞላውም ቀጭን ቧንቧ ወደታች ወርዶ ከታች ወደ ላይ ነው፣ መሀሉ ላይ ባዶ እንዳይቀር። ከላይ በአካፋ ገፍትሮ መጣል ማሸግ አይባልም።

ችግሩ ይህ ሥራ አይታይም። አፈር ከለበሰ በኋላ ማንም አይቶ «ተሠርቷል፣ አልተሠራም» ማለት አይችልም። ስለዚህ የሚቆረጠው ወጪ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ሰዎች፣ እባካችሁ በማሸጊያው ቀን ቦታው ላይ ቁሙ። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደገባ ቁጠሩ። በኋላ ላይ የምታዩት ምልክት አንድ ነው፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ የጉድጓዱ ውሃ ከደፈረሰ ወይም ሽታው ከተለወጠ ውሃው አቋራጭ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። አስመርምሩት፣ ውጤቱ እስኪመጣም አፍልታችሁ ጠጡ።

የጉድጓዱ ክዳንም እንዲሁ። በደንብ የሚገጥም፣ በብሎን የሚታሰር፣ ትንሽ የአየር መተንፈሻ ያለው መሆን አለበት። ፓምፑ ሲስብ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ዝቅ ስለሚል አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው ወደታች የታጠፈና በደቃቅ ወንፊት የተሸፈነ ካልሆነ ነፍሳት መግቢያቸው እሱ ነው። ድንጋይ ተጭኖበት የቆመ ጉድጓድ አይቻለሁ። የጆንያ ውታፍም አይቻለሁ። ከውስጡ ሰው ይጠጣል እኮ!

ወደ ፓምፑ እንሂድ። ብዙ ሰው «ለምን ከላይ ሆኖ አይስብም?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፓምፕ ውሃ ሲስብ በእውነቱ የሚያደርገው ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር መቀነስ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጩ አየር ክብደት ነው። የአየሩ ክብደት ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ ውሃን ከ10.3 ሜትር በላይ መግፋት አይችልም። ይህን ምክንያት የገለጠው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ ነው። በተግባር ከ7 ሜትር ካለፈ ችግር ነው፣ ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ውሃው 40 ወይም 100 ሜትር ላይ ከሆነ ያለው አማራጭ ወርዶ ከታች መግፋት ነው። ሰብመርሲብል ፓምፕ የሚባለው ይሄ ነው፣ ሞተሩም ፓምፑም አብረው ውሃ ውስጥ የሚሰጥሙት። በሩሲያ ግዛት የተወለደው አርመናዊ መሐንዲስ አርማይስ አሩቱኖፍ በ1910ዎቹ ፈጠረው፣ ኋላም ለነዳጅ ጉድጓድ አዋለው፤ ዛሬ ውሃችንን የሚያወጣልን የዚያ ዘር ነው።

ከውጭ ስታዩት ረጅምና ቀጭን በርሜል ይመስላል። ሞተሩ ያለው ከታች ነው። ውሃ መግቢያው መሀል ላይ ነው። ከመግቢያው በላይ ያለው ረጅሙ ክፍል ውስጥ ኢምፔለር የሚባሉ ተሽከርካሪ ጎማዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ውሃውን ተቀብሎ፣ አሽከርክሮ፣ ግፊት ጨምሮ ለላይኛው ያቀብላል። አንዱ 9 ሜትር ያህል ከፍታ የሚጨምር ቢሆን 10 ተደርድረው 90 ሜትር ይገፋሉ። ሲሳብ ውሃው 60 ሜትር ላይ ይቆማል፣ ታንከሩ ከመሬት 25 ሜትር ከፍ ይላል፣ ቧንቧው በሰበቃ 5 ሜትር ይበላል እንበል፤ 90 ሞላ። ፓምፕ የሚመረጠው እንዲህ ተደምሮ ነው። ኢምፔለሮቹ በአሸዋ ሲበሉ 90 የነበረው 70 ይሆናል። ያኔ ሞተሩ በሰላም ይዞራል፣ ውሃው ግን ታንከሩ ጋ አይደርስም። ምን ይባላል? ደረቀ።

ሞተሩ ከታች የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ መግቢያው የሚሄደው ውሃ በሞተሩ ጎን እየታከከ ሲያልፍ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ፓምፑ ከስክሪኑ በታች ወይም ስክሪኑ ውስጥ ከተቀመጠ ውሃው ከላይ መጥቶ በቀጥታ ይገባና ሞተሩ የቆመ ውሃ ውስጥ እየጋለ ይቃጠላል። ፓምፑ ድፍኑ ኬዚንግ ጋ፣ ከስክሪኑ በላይ መዋል አለበት። የግድ ታች መውረድ ካለበት ውሃው ሞተሩን አልፎ እንዲመጣ የሚያስገድድ ሽፋን ይደረግለታል።

ሌላ ነገር፤ ባለ ሶስት ፌዝ ሞተር ሽቦዎቹ ከተዛነፉ ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ኋላ ሲዞርም ትንሽ ውሃ ስለሚሰጥ ነው የሚያሳስተው። ጀነሬተር ወይም ቦርድ በተቀየረ ማግስት ውሃ ከቀነሰ መጀመሪያ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ይለዋወጡ፣ ኤሌክትሪክ በሚያውቅ ሰው እጅ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ለወራት በግማሽ ውሃ የኖሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ከፓምፑ በላይ ቼክ ቫልቭ አለ፣ ውሃ ወደ ላይ ብቻ እንዲያልፍ የሚፈቅድ በር። እሱ ከላላ ፓምፑ ሲቆም ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል፣ ሲወርድም ፓምፑን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። በዚያ ቅጽበት መብራት ሄዶ ቢመጣና ሞተሩ ቢነሳ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። ለዚህ ነው መብራት ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ የምንለው። ቤት ውስጥ ያለው፣ ውሃን በታመቀ አየር ግፊት የሚይዘው ፕሬዠር ታንክም የሚረዳው ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሳ ነው። ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ፓምፑ እየተነሳ እየቆመ የሚያስቸግር ከሆነ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር አልቋል፣ ይሞላ።

ፓምፑን ከድርቀት የሚጠብቅ መሣሪያም አለ። ውሃው ዝቅ ሲል አውቆ ሞተሩን ያጠፋል። ይህን መሣሪያ «እያጠፋብን አስቸገረን» ብለው ሽቦውን ቀጥታ ያገናኙታል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። እሱ የሚነግራችሁ ነገር አለው፤ ወይ ስክሪኑ ተደፍኗል፣ ወይ ፓምፑ ከጉድጓዱ አቅም በላይ ነው። ጉድጓድ በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ 6 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ማስገባት 6 ሊትር አያስገኝም። ለዚህ ነው ፓምፕ ከመገዛቱ በፊት የፓምፕ ሙከራ የሚደረገው፣ በቋሚ መጠን ቢያንስ 24 ሰዓት እየተሳበ፣ ውሃው ስንት እንደወረደ በየጊዜው እየተለካ፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላም በስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሞላ እየታየ። ለሁለት ሰዓት ስበው «ውሃው ብዙ ነው» ብለው የሚፈርሙ አሉ። ያ ሙከራ አይደለም።

አሁን ዋናው ጋ ደርሻለሁ። ደርቋል ወይስ ታሟል የሚለውን የሚለየው ልኬት ነው። ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አንደኛው ፓምፑ ሳይነሳ ውሃው የሚቆምበት ጥልቀት ነው። ሁለተኛው በታወቀ መጠን እየተሳበ ውሃው ወርዶ የሚረጋበት ጥልቀት። ለምሳሌ የቆመው 38 ሜትር ነው፣ በሰከንድ 5 ሊትር ሲሳብ 48 ላይ ይረጋል። 10 ሜትር ወረደ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ግማሽ ሊትር በሰከንድ ሰጠ። ከዓመታት በኋላ የቆመው ያው 38 ሆኖ፣ በዚያው 5 ሊትር ሲሳብ ግን 58 ከደረሰ? ከመሬት ውስጥ የጠፋ ውሃ የለም፤ መግቢያው ነው የጠበበው። ስክሪኑ ይጽዳ። ሁለቱም ቁጥር ካልተዛወረ፣ ቆጣሪው ላይ የሚታየው ውሃ ግን ካነሰ ጥፋቱ ከፓምፑ ወደ ላይ ነው። ቧንቧው ተሸንቁሮ ወደ ውስጥ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ሲሳብ ውሃው የሚወርደው ከወትሮው ያነሰ ይሆናል፤ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ጉድጓድ እንዲህ ነበር።

የቆመው ውሃ ራሱ በየዓመቱ ከወረደ፣ 38 የነበረው 41፣ ከዚያ 45 ከሆነ፣ በዙሪያው ያሉት ጉድጓዶችም እንደዚያው ካሳዩ፣ ያኔ ነገሩ እውነት ነው። ዝናብ ከሚመልሰው በላይ እየተሳበ ነው። ይህ በዓለም ላይ በብዙ ቦታ እየሆነ ያለ ከባድ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። እንዲያውም «ደረቀ» የምትለው ቃል ለዚህ ቀን እንድትቆይ የምፈልገው ለዚህ ነው። የተደፈነውንም የተሸነቆረውንም በእሷ ከጠራነው እውነተኛው ሲመጣ በምን እንለየዋለን? ያኔ ደግሞ አዲስ ጉድጓድ ከአጠገቡ መቆፈር መፍትሔ አይሆንም። ሁለቱ ከአንድ ውሃ እየተሻሙ ነው የሚስቡት።

ቁጥሮቹን ለማወዳደር የመጀመሪያው ቁጥር ያስፈልጋል። እሱ ያለው ጉድጓዱ ሲያልቅ በሚጻፈው ወረቀት ላይ ነው፤ ጥልቀቱ፣ ያለፋቸው ንብርብሮች፣ ስክሪኑ ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የሙከራው ውጤት፣ ፓምፑ የተቀመጠበት ጥልቀት። አንድ ጊዜ ይህን ወረቀት ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ «ፋይሉ የለም» ተባልኩ። ስክሪኑ የት እንዳለ ሳናውቅ ፓምፑን በግምት አወረድነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተሩ ተቃጠለ። ካሜራ ወደ ውስጥ አውርደን ስናይ ልክ ስክሪኑ መሀል ነበር ያስቀመጥነው። አንዲት ወረቀት ብትኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ይሄን ነው። ቀጣይ ጊዜ «ጉድጓዱ ደርቋል» የሚል ኃላፊ ሲነግራችሁ «የቆመው ውሃ ስንት ሜትር ላይ ነው? በፊትስ ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱንም አብራችሁ አውጡት። «አልለካንም» ካለ እሱንም ጻፉት፤ ለአንባቢ ትልቅ ዜና ነው።

የራሳችሁ ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ፓምፑ በሚቀጥለው ለጥገና ሲወጣ ከእሱ ጋር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስራችሁ አውርዱ። ጫፉ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ጻፉት፣ 70 ሜትር እንበል። የላይኛው ጫፍ ላይ የግፊት መለኪያ ግጠሙና በብስክሌት ፓምፕ አየር ንፉበት። መለኪያው መጨመር ሲያቆም አየሩ ቱቦው ውስጥ የነበረውን ውሃ ገፍቶ ጨርሷል ማለት ነው። 1 ባር 10 ሜትር ገደማ ውሃ ነው። 2.5 ባር ካሳየ ከቱቦው ጫፍ በላይ 25 ሜትር ውሃ አለ፤ ከ70 ላይ 25 ሲቀነስ ውሃው 45 ሜትር ላይ ነው። ይህን ጠዋት ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት አንዴ፣ ከዚያ ፓምፑ ለረጅም ሰዓት ከሠራ በኋላ ሳይጠፋ አንዴ አድርጉት። በዚያው 200 ሊትር በርሜል በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በሰዓት ያዙ፤ 40 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 5 ሊትር ነው። ሦስቱን ቁጥር ከነቀኑ የፓምፕ ቤቱ በር ጀርባ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት፣ በስድስት ወሩም ከሥሩ ድገሙት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጉድጓድ ፓምፕ ባለሙያ